የተሸለመ የጀርመን ቦምብ ጣይ አብራሪ የጦርነት አገልግሎት እንዴት ተጣርቶ ይጻፋል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፍተኛ ሜዳሊያ ስለተሸለሙ የጀርመን ቦምብ ጣይ አብራሪዎች በአማርኛ የሚጻፉ ጽሑፎችን ለረጅም ጊዜ ሳነብና ሳርም ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሰውየው መቼ እንደተወለደ፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደተሸለመ፣ ስንት ጊዜ እንደበረረና ስንት ቶን መርከብ እንዳሰመጠ ከሌላ ቋንቋ ገልብጠው ያቀርቡና፣ የጣለው ቦምብ የት እንዳረፈ ሳይነግሩን ያልቃሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በፋሽስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ከሥር የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ለሆንን አንባቢዎች እንዲህ ያለው ጽሑፍ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው የአንድን የተሸለመ ቦምብ ጣይ አገልግሎት ከሽልማቱ ወረቀትና ቦምቡ ካረፈበት ስፍራ ሰነድ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ነው። የቀን መቁጠሪያው በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን በአንድ ተራ ደብተር ይጀምሩ። በግራው ገጽ የጀርመን ወገን ስለ ሰውየው ያለውን ሁሉ፣ ማለትም ሹመቱን፣ ሽልማቱን፣ የበረራ መዝገቡን፣ በጦርነቱ ጊዜ በራዲዮና በጋዜጣ የተነገረለትን በየቀኑ ይጽፋሉ። በቀኙ ገጽ ደግሞ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት የተደበደበው ወገን፣ ከተማም ይሁን መርከብ፣ የመዘገበውን ያሰፍራሉ። የቀኙ ገጽ ባዶ ሆኖ የሚቀርባቸው ቀኖች ይኖራሉ፤ እነዚህን በግምት አይሙሏቸው። ባዶው ገጽ ራሱ የሚናገረው አለው፤ በግራ በኩል የተጻፈው ድል እስካሁን ምስክር እንዳልተገኘለት ያሳያል።

በመጀመሪያ ስሞቹንና ማዕረጎቹን ማጥራት

ከሁሉ በፊት ተርጓሚን የሚያሰናክሉ ጥቂት ቃላት አሉ። ካምፍ የሚለው የጀርመንኛ ቃል ውጊያ ማለት ስለሆነ፣ ካምፍፍሊገር የተባለውን ሰው «ተዋጊ አብራሪ» ብለው የሚተረጉሙ ብዙዎች ናቸው። በጀርመን አየር ኃይል አነጋገር ግን ካምፍፍሊገር ቦምብ ጣይ ነው፤ እኛ ተዋጊ ጄት ስንል የምናስበው ዓይነት አብራሪ በእነርሱ ዘንድ አዳኝ ከሚለው ቃል በወጣው ያክትፍሊገር በሚል ስም ይጠራል። ይህ ስህተት ከተፈጠረ በኋላ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ይዛባል፤ ከተማ የደበደበው ሰው በሰማይ ላይ ከአቻው ጋር የተፋለመ መስሎ ይቀርባልና። ሌርጌሽቫደር 1 የተባለው ክፍልም እንዲሁ ነው። ሌር ማስተማር ማለት ስለሆነ ክፍሉን ማሠልጠኛ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ ነገር ግን በኖርዌይ፣ በብሪታንያና በሜዲትራኒያን ሙሉ ጦርነት የተዋጋ የግንባር ክፍል ነበር።

ለክፍሎቹ መጠሪያ የእኛን የእግረኛ ጦር ስሞች ባይውሱ ይሻላል። ጌሽቫደር የሚባለው ትልቁ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ግሩፐዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ግሩፐ ሦስት ሽታፈሎች፣ እያንዳንዱ ሽታፈል ከ9 እስከ 12 የሚሆኑ አውሮፕላኖች ይይዝ ነበር። ግሩፐው በሮማውያን ቁጥር፣ ሽታፈሉ በተለመደው ቁጥር ይጻፋል፤ የሽታፈሎቹም ቁጥር ተከታታይ ስለሆነ ከ1 እስከ 3 ያሉት ሁልጊዜ የመጀመሪያው ግሩፐ፣ ከ4 እስከ 6 ያሉት የሁለተኛው፣ ከ7 እስከ 9 ያሉት የሦስተኛው ናቸው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የሦስተኛውን ሽታፈል አዛዥ የሦስተኛው ግሩፐ አዛዥ አድርጌ ጽፌ ነበር። አሥር ያህል አውሮፕላን የሚመራውን ሰው የሠላሳና ከዚያ በላይ አዛዥ አደረግሁት፤ ከዚህም የባሰው፣ እርሱ ያልነበረበትን ድብደባ በእርሱ ስም መመዝገቤ ነው። አንድ አስተዋይ አንባቢ አርሞኛል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በየትኛው ዓይነት አኃዝ እንደተጻፈ ሳላይ አላልፍም።

ፎቶግራፍ ካለዎት በአውሮፕላኑ ጎን ላይ የተጻፉትን ምልክቶች ያንብቡ። ከጥቁሩ መስቀል በስተግራ ያሉት ሁለት ምልክቶች ክፍሉን፣ በስተቀኝ ካሉት ሁለት ፊደላት የመጀመሪያው ራሱን አውሮፕላኑን፣ የመጨረሻው ሽታፈሉን ያመለክታሉ። ለምሳሌ በአንድ ሃይንክል 111 ቦምብ ጣይ ጎን ላይ ከመስቀሉ በፊት ጂ እና 1፣ ከመስቀሉ በኋላ ዲ እና ኤን የሚሉት የላቲን ፊደላት ቢታዩ፣ ጂ እና 1 ካምፍጌሽቫደር 55ን፣ ዲ የአውሮፕላኑን መለያ፣ ኤን ደግሞ አምስተኛውን ሽታፈል፣ ስለዚህም ሁለተኛውን ግሩፐ ያሳውቁናል። ከፎቶግራፉ ሥር በሌላ እጅ የተጻፈ መግለጫ ሰውየው በሦስተኛው ግሩፐ እንደነበረ ቢናገር፣ ከመግለጫው ይልቅ ፊደሉን ይመኑ፤ ወይም ፎቶግራፉ የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ያስቡ።

ማዕረግን በተመለከተ ኦበርሎይትናንት መቶ አለቃ፣ ሃውፕትማን ሻምበል፣ ማዮር ሻለቃ፣ ኦበርስትሎይትናንት ሌተና ኮሎኔል፣ ኦበርስት ኮሎኔል ቢባል አንባቢ አይሳሳትም። የሚያሳስተው ጄኔራልማዮር ነው። ድምፁ ሜጀር ጄኔራል ቢመስልም በደረጃው ብርጋዴር ጄኔራል ነው። ማዕረጉንም ሁልጊዜ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረውን ይጻፉ፤ በ1940 መቶ አለቃ የነበረን ሰው በ1945 በያዘው ማዕረግ መጥራት ያልነበረውን የማዘዝ ሥልጣን መስጠት ነው።

በመጨረሻም አውሮፕላኑን አንድ ሰው ብቻ እንዳልበረረው አይርሱ። ሃይንክል 111 ዘወትር አምስት፣ ዩንከርስ 88 አራት ሰዎች ይይዝ ነበር፤ አብራሪው፣ ቦምቡን የሚያነጣጥረው ተመልካች፣ ራዲዮ ኦፕሬተሩና ተኳሹ አብረው ይወጣሉ፣ ብዙ ጊዜም አብረው ይሞታሉ። በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ በብዙ ቦምብ ጣዮች የአውሮፕላኑ አዛዥ ተመልካቹ እንጂ አብራሪው አልነበረም። ስለዚህ «አብራሪው ደበደበ» ከማለትዎ በፊት በዚያ ቀን ትእዛዝ ሰጪው ማን እንደነበረ ይጠይቁ። የጓዶቹን ስም ካገኙም ከዋናው ሰው ስም ጋር ያስፍሩት።

ሽልማቱ ምን ይላል፣ ምን አይልም

የብረት መስቀል መስከረም 1 ቀን 1939፣ ፖላንድ በተወረረችበት ዕለት፣ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ከሁለተኛ ደረጃ ይጀምርና ወደ አንደኛ ደረጃ ያድጋል፤ ከዚያ በላይ ሪተርክሮይትስ፣ በእኛ አነጋገር የፈረሰኛ መስቀል ልንለው የምንችለው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ሽልማት አለ። ይህን ወደ 7,300 የሚጠጉ ሰዎች እንደተቀበሉት ይቆጠራል። ሰኔ 3 ቀን 1940 የባሉጥ ቅጠል፣ በ1941 ሰይፍና አልማዝ የተባሉት ጭማሪዎች ተፈጠሩ። ሰውየው የስፔን መስቀል ካለው ከ1936 እስከ 1939 ባለው ጊዜ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት አገልግሏል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያገኙ ሚያዝያ 26 ቀን 1937 ገርኒካ በተደበደበችበት ዕለት ኮንዶር ሌጌዎን በተባለው የጀርመን ጦር ውስጥ የት እንደነበረ ማጣራት ግዴታ ነው።

ከእነዚህ ትላልቅ ሜዳሊያዎች ይልቅ ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ብዙም የማይወራለት የግንባር በረራ ምልክት ነው። ጥር 30 ቀን 1941 የተቋቋመው ይህ ምልክት ለ20 ግዳጅ በነሐስ፣ ለ60 በብር፣ ለ110 በወርቅ ይሰጥ ነበር። የፈረሰኛ መስቀል የሚሰጠው ሰው ፍርድ አለበት፤ የበረራ ምልክቱ ግን ቆጠራ ስለሆነ፣ ሁለቱ ምልክቶች የተሰጡባቸውን ቀኖች በማነጻጸር ሰውየው በየወሩ ስንት ጊዜ ይወጣ እንደነበረ መገመት ይቻላል። ሃንስጌዮርግ ቤትሸር የተባለው አብራሪ ከ650 በላይ ግዳጅ እንደበረረ ስንሰማ ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ነገር ግን በምሥራቁ ግንባር አንድ አውሮፕላን በቅርብ ከሚገኝ ሜዳ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደጋግሞ የሚወጣበት ጊዜ እንደነበረ፣ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ሌሊት ብሪታንያን የሚደበድበው ግን አንዱን ግዳጅ በብዙ ሰዓት እንደሚጨርስ ካላስረዳን፣ የግዳጅ ብዛት ብቻውን ሰውን ከሰው ማወዳደሪያ አይሆንም።

የሽልማት ሐሳብ ከሽታፈል ወደ ግሩፐ፣ ከግሩፐ ወደ ጌሽቫደር፣ ከዚያም ወደ ላይኛው አዛዥ እየተላለፈ የሚወጣ ወረቀት ነበር። ይህን ወረቀት ሳነብ የአገራችን ፎካሪ በጌታው ፊት ቆሞ ግዳዩን ሲቆጥር ይታየኛል። ፉከራ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ይሁንና የሚነገረው ለሚሾመውና ለሚሸልመው ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ያስሾመው ብቻ ነው። የሽልማቱ ወረቀት የወደመ ፋብሪካ ይቆጥራል፤ ከፋብሪካው አጠገብ ያለው ሰፈር አይጻፍበትም። ይህን ማወቅ ወረቀቱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፣ ለማን እንደተጻፈ አውቆ ለማንበብ እንጂ።

የተባለውን ከሆነው ጋር ማመሳከር

መስከረም 26 ቀን 1939 በሰሜን ባሕር ላይ የጀርመን ዩንከርስ 88 አውሮፕላኖች አርክ ሮያል የተባለችውን የብሪታንያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አጠቁ። አንደኛው አብራሪ የጣለው ከባድ ቦምብ ከመርከቧ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ እርሱም መርከቧን መምታቱን በእርግጠኝነት አልተናገረም። የፕሮፓጋንዳው መሥሪያ ቤት ግን መርከቧ መስጠሟን ለዓለም አወጀ፤ አብራሪው ማዕረግ ጨመረ፣ የብረት መስቀልም ተቀበለ። አርክ ሮያል በበኩሏ ጉዳት ሳይደርስባት ወደ ወደቧ ተመለሰች፤ የሰጠመችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1941፣ ዩ 81 በተባለ ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ነው። በዚህ ታሪክ የግራው ገጽ ማዕረግና ሜዳሊያ አለበት፤ የቀኙ ገጽ ደግሞ የመርከቧን የጉዞ መዝገብ ይዟል። ሁለቱን ያላነጻጸረ ጸሐፊ የሌለ ድል ይጽፋል፤ ያነጻጸረው ግን አንድ አብራሪ ያልሠራውን ጀብዱ ተሸክሞ እንዲኖር የተደረገበትን እውነተኛ ታሪክ ያገኛል።

ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ተጠራጣሪነትም ልክ አለው። ግንቦት 11 ቀን 1942 ዮአኪም ሄልቢክ የመራቸው የሌርጌሽቫደር 1 አውሮፕላኖች ከቀርጤስ ደሴት ተነሥተው አራት የብሪታንያ አጥፊ መርከቦችን አጠቁ። ላይቭሊና ኪፕሊንግ በዚያው ቀን ሰጠሙ፤ ክፉኛ የተጎዳችው ጃካል በማግስቱ በገዛ ወገኖቿ እንድትሰጥም ተደረገች፤ አራተኛዋ ጀርቪስ ከ600 በላይ የተረፉ ሰዎችን ጭና ለማምለጥ ቻለች። ይህን የብሪታንያ ባሕር ኃይል ራሱ መዝግቦታል። ሄልቢክ በመስከረም 1942 ሰይፉን ሲሸለም ከተቆጠሩለት ነገሮች መካከል በቀኙ ገጽ ላይ ሙሉ ምስክር ያለው ይህኛው ነው፤ እንዲህ ያለውን ድል ከጥርጣሬ ጋር መጻፍም ስህተት ይሆናል።

የመርከብ ቶን በሚጠቀስበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ያለው ቶን የንግድ መርከብን ሆድ ስፋት የሚለካ የይዘት መለኪያ ነው፤ አንዱ 2.83 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ በኩንታል ከምናውቀው የክብደት ቶን ጋር አይገናኝም። ሁለተኛ፣ ከአውሮፕላን ሆኖ የመርከብን መጠን መገመትና መስጠሟን ማየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ቬርነር ባውምባኽ ከቦምብ ጣዮች መካከል ሰይፍ የተሸለመ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ነሐሴ 16 ቀን 1942 ሲሸለም ከ300,000 ቶን በላይ መርከብ እንዳሰመጠ ይነገርለት ነበር። ይህን ቁጥር ሲጠቅሱ «በጦርነቱ ጊዜ እንደተነገረለት» ብለው ይጻፉ፤ በስም የታወቁትንና በተቃራኒው ወገን መዝገብ የተረጋገጡትን መርከቦች ደግሞ ለይተው ያስቀምጡ።

ሰዓትና ቀን

ይህ ክፍል ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት በሰዓት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት ኮቨንትሪ ስትደበደብ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከተማዋ ላይ የደረሱት በብሪታንያ ሰዓት ማታ 7፡20 ላይ ነው። በዚያ ወቅት የጀርመን ሰዓት ከብሪታንያው በአንድ ሰዓት ይቀድም ስለነበር በአብራሪው የበረራ መዝገብ ላይ 8፡20 አካባቢ ሆኖ ይገኛል። እኛ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ደግሞ በብሪታንያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20፣ በጀርመኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ይሆናል፤ ቀኑም በእኛ ኅዳር 5 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ አራት አጻጻፎች ሁለቱን ያደባለቀ ሰው አንዱን ድብደባ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ ወይም ሰውየው ቀድሞ የገባው ከተማይቱ ሳትቃጠል፣ ዘግይቶ የገባው ደግሞ እሳቱን እያየ መሆኑን ሳይለይ ያልፋል።

በዚያች ሌሊት ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ካምፍግሩፐ 100 የተባለው ክፍል በራዲዮ ጨረር እየተመራ ቀድሞ ገባና ተቀጣጣይ ቦምብ ጣለ፤ ከኋላ የመጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች እሳቱን እንደ ፋና ተከትለው እስከ ንጋት ደበደቡ። የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራባቸው ፋብሪካዎች ተመቱ፤ የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ጣሪያው ነዶ ግድግዳው ብቻ ቀረ፤ 568 ያህል ሰዎች ሞቱ። በበረራ መዝገቡ ላይ ግን ይህ ሁሉ አንድ መስመር ነው፤ የተነሣበት ሰዓት፣ የከተማው ስም፣ ያረፈበት ሰዓት።

ከሥር የነበሩትን መጻፍ

የቀኙ ገጽ ሥራ እንደ ግራው ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግንቦት 14 ቀን 1940 የካምፍጌሽቫደር 54 ሃይንክል አውሮፕላኖች ሮተርዳምን ሲደበድቡ፣ ስለ ከተማዋ እጅ መስጠት ንግግር እየተካሄደ ነበር። ከአውሮፕላኖቹ ከፊሎቹ ከመሬት የተተኮሰውን ቀይ የምልክት እሳት አይተው ሳይጥሉ ተመለሱ፤ የቀሩት ከ50 በላይ የሚሆኑት ጣሉ፣ የከተማዋ አሮጌ መሐልም ተቃጠለ። በጦርነቱ ጊዜ የሞተው ሰው 30,000 ነው ተብሎ ተሠራጭቶ ነበር፤ ኋላ የተጣራው ቁጥር ከ800 እስከ 900 ባለው ውስጥ ነው፤ ቤት አልባ የሆነው ደግሞ 80,000 ያህል። ገርኒካም ላይ እንዲሁ በመጀመሪያ ከ1,600 በላይ የተባለውን የሟች ብዛት ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ወደ ጥቂት መቶዎች አውርደውታል። ለሟቾች ያለን ሐዘን ያልተጣራ ቁጥር እንድንጽፍ ሊያደርገን አይገባም፤ አንድ የተጋነነ ቁጥር የተገኘበት ጽሑፍ እውነተኛውንም ሟች ተጠራጣሪ ፊት ያቀርባል። በካምፍጌሽቫደር 54 ስላገለገለ ሰው የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ አለ፦ የእርሱ አውሮፕላን በዚያ ቀን ከተመለሱት ነበረ ወይስ ከጣሉት?

ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 10 ቀን 1940፣ የካምፍጌሽቫደር 51 ስምንተኛው ሽታፈል ሦስት አውሮፕላኖች በፈረንሳይ ያለችውን ዲዦንን ለመምታት ተነሥተው በደመና ውስጥ መንገድ ሳቱና የገዛ አገራቸውን ከተማ ፍራይቡርክን ደበደቡ። 57 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት ጥፋቱን በጠላት ላይ አሳበበ፤ እውነቱ በግልጽ የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ይህን የምጠቅሰው አንድ የአሠራር ነጥብ ስላለው ነው። ነገሩ በኋላ በሰነድ ባይጣራ ኖሮ የቀኙ ገጽ በሌላ አገር አውሮፕላን ስም ተሞልቶ ይቀር ነበር። ከክፍሉ መዝገብ ይልቅ የተደበደበችው ከተማ የቀብርና የሆስፒታል መዝገብ እውነቱን ይዞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰነዱ የሚገኝበት

የጀርመን አየር ኃይል አብዛኛው ሰነድ በጦርነቱ መጨረሻ በራሱ ባለቤት ተቃጥሏል። የተረፈው በዋናነት በፍራይቡርክ ባለው የፌዴራል ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ በግንባር ስለሞቱ፣ ስለቆሰሉና ስለተማረኩ ወታደሮች የሚይዘው መዝገብ ደግሞ በበርሊን ነው፤ እርሱም ከ2019 ጀምሮ የዚያው የፌዴራል ቤተ መዛግብት ክፍል ሆኗል። የአውሮፕላን ኪሳራ ዝርዝር ካገኙ ከቀኑ ቀጥሎ ያለውን መቶኛ ያስተውሉ፤ 100 ከሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ከ60 ጀምሮ ያለው ደግሞ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ተጠግኖ ይመለሳል። ሰውየው «አምስት ጊዜ ተመትቶ ወደቀ» ከተባለለት እያንዳንዱን ውድቀት በዚህ መቶኛ ይፈትኑት።

በለንደን ኪው የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተማረኩ የጀርመን በራሪዎች የተጠየቁባቸውን ዘገባዎች ይዟል። ከእነዚህም የሚበልጠው ምርኮኞች በክፍላቸው ውስጥ እርስ በርስ ሲያወሩ በተደበቀ ማይክሮፎን የተቀዳው ንግግር ጽሑፍ ነው። በሽልማት ወረቀት ላይ ፈጽሞ የማይገኝ ነገር እዚያ አለ፤ ስለ ፍርሃትና ስለ ወደቁ ጓዶች ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹም በመንገድና በመንደር ላይ በነበሩ ሰላማዊ ሰዎች ላይ መተኮስ እንዴት ደስ ይላቸው እንደነበረ ያወራሉ። ሰውየው ተማርኮ ከነበረ እነዚህን ሳያነቡ ስለ ጠባዩ አንድ ቃል አይጻፉ። ለጨረታ የሚቀርቡ የበረራ መዝገቦችና የሽልማት ወረቀቶች ግን በብዛት ይጭበረበራሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነ። በሌላ ሰነድ ካልተደገፉ አይጠቀሙባቸው።

በብሪታንያ ስለሞቱት በስታፎርድሺር ካኖክ ቼዝ ላይ ያለው የጀርመን ወታደሮች መቃብር ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች ያረፉበት ነው፤ የጀርመን የጦር መቃብሮች ማኅበርም ስምና የሞት ቀን መፈለጊያ አለው። የሞት ቀን በሌሊቱ እኩሌታ ምክንያት በአንድ ቀን ሊለያይ እንደሚችል ያስታውሱ።

ከ1944 በኋላና ከጦርነቱ በኋላ

ከ1944 አጋማሽ ጀምሮ ነዳጅ ሲያልቅና ተዋጊ አውሮፕላን ሲቀድም ብዙዎቹ የቦምብ ጣይ ክፍሎች ተበተኑ። የሰውየው የበረራ መዝገብ በዚያ ዓመት ቢቋረጥ አገልግሎቱ አበቃ ማለት አይደለም፤ ወደ ተዋጊ ክፍል፣ ወደ ማሠልጠኛ ወይም ወደ እግረኛ ጦር ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

ከ1945 በኋላ ያለውን ሕይወት መዝለል ደግሞ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ከማያቸው ጉድለቶች ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። ባውምባኽ አርጀንቲና ሄዶ ጥቅምት 20 ቀን 1953 በሙከራ በረራ ላይ ላ ፕላታ በተባለው ወንዝ አፍ ወድቆ ሞተ። ሃዮ ሄርማን ሚያዝያ 1941 ፒሬዎስ ወደብ ላይ በተደረገው ድብደባ ስሙ የሚነሣ ሰው ነው፤ በዚያች ሌሊት 250 ቶን ፈንጂ የጫነችው ክላን ፍሬዘር የተባለች መርከብ ፈንድታ ወደቡን አወደመችው። ይህ ሰው እስከ 1955 በሶቪየት ምርኮ ከቆየ በኋላ ጠበቃ ሆነ፤ በሙያውም የአይሁዳውያንን እልቂት ለሚክዱ ሰዎች ጥብቅና ቆመ። ይህ የሕይወቱ ክፍል የጦር አገልግሎቱን ትርጉም የሚነካ ስለሆነ በግርጌ ሳይሆን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ይገባል። ሜዳሊያዎቹ ራሳቸውም ከጦርነቱ በኋላ ታሪክ አላቸው፤ ምዕራብ ጀርመን በሐምሌ 1957 ባወጣችው ሕግ እነዚህን ሽልማቶች ማድረግ የተፈቀደው የስዋስቲካው ምልክት ከላያቸው ከተነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት በፎቶግራፍ ላይ መስቀሉን አድርገው ቢታዩ፣ በመስቀሉ መሐል ያለው ምልክት ፎቶግራፉ ከ1945 በፊት ወይም ከ1957 በኋላ መነሣቱን ለመለየት ይረዳል።

ጀግና የሚለውን ቃል በተመለከተ የራሴን አቋም ልንገርዎ። እኔ ስለ እነዚህ ሰዎች ስጽፍ አልጠቀምበትም። ድፍረት ነበራቸው፤ በፍለጋ መብራትና በፀረ አውሮፕላን ተኩስ መሐል ሌሊት ለሌሊት መብረር ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህንንም በግልጽ እጽፈዋለሁ። ጀግና ግን በአማርኛ ስለማን እንደቆመም አብሮ የሚናገር ቃል ነው፤ እነርሱ የቆሙለት መንግሥት ምን እንደነበረ ደግሞ ይታወቃል። «ደፋር»፣ «የተካነ»፣ «ልምድ ያለው» የሚሉት ቃላት ለሥራው በቂ ናቸው።

በዚህ አካሄድ የተጻፈ አንድ አንቀጽ፣ በካምፍጌሽቫደር 40 ያገለገለውን ቤርንሃርት ዮፐን ምሳሌ አድርገን፣ የሚከተለውን ይመስላል።

«መቶ አለቃ ቤርንሃርት ዮፐ ጥቅምት 26 ቀን 1940 በፎከ ቩልፍ 200 አውሮፕላን ከጓዶቹ ጋር ከአየርላንድ በስተሰሜን ምዕራብ ኤምፕረስ ኦቭ ብሪተን የተባለችውን 42,348 ቶን የሕዝብ ማመላለሻ መርከብ በቦምብ መትቶ አቃጠላት፤ አብዛኞቹ መንገደኞችና ባሕርተኞች ተረፉ፤ ተጎትታ ስትሄድ የነበረችውን መርከብ ያሰመጣት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ዩ 32 የተባለው ሰርጓጅ ነው። ዮፐ ታኅሣሥ 30 ቀን 1940 የፈረሰኛ መስቀል ተሸለመ። መስከረም 9 ቀን 1943፣ ኢጣሊያ ከጦርነቱ መውጣቷን ባወጀች ማግስት፣ ሻለቃ ሆኖ ያዘዛቸው የካምፍጌሽቫደር 100 ዶርኒየር 217 አውሮፕላኖች ከሰርዲኒያ አጠገብ ሮማ የተባለችውን የኢጣሊያ የጦር መርከብ ፍሪትስ ኤክስ በተባለ በራዲዮ የሚመራ ቦምብ መቱ፤ መርከቧ ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች፤ አድሚራል ካርሎ ቤርጋሚኒን ጨምሮ ከ1,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 24 ቀን 1944 የባሉጥ ቅጠል ተጨመረለት። ከጦርነቱ በኋላ በሉፍታንዛ አየር መንገድ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ሠርቷል።»